የበረዶ ግግር የተዋቸው ሸለቆዎች
የባሌ ተራሮች መልክ እንዴት እንደ ተለወጠና ሰው በዚያ እንዴት እንደ ኖረ

የአገር ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው የነገሥታት፣ የጦርነትና የሃይማኖት ነገር ነው። መሬቱ ግን ይህ ኹሉ ድርጊት ሲፈጸምበት ራሱ ሳይለወጥ እንደ ዐውድማ ሲረገጥ ብቻ የኖረ ይመስለናል። ተራራው ከጥንት ጀምሮ ያው ተራራ፣ ሸለቆውም ያው ሸለቆ እንደ ኾነ አድርገን ሳንመረምር እንቀበለዋለን። ይኹን እንጂ መሬትም እንደ ሰው የራሱ የዕድሜ ደረጃዎች አሉት፤ ጠባሳውም በፊቱ ላይ ይነበባል። የዚህ ጽሑፍ ዐላማ በባሌ ተራሮች ላይ ይህንን ጠባሳ ማንበብ ነው፤ ይኸውም በአንድ ዘመን ሸለቆዎቹን ሞልቶ የነበረው የበረዶ ግግር ሲሄድ መሬቱ በምን ቅደም ተከተል እንደ ተለወጠና ይህም ለውጥ ከሰው ኑሮ ጋራ እንዴት እንደ ተያያዘ ማሳየት ነው።

አስቀድሞ ስለ ቃል ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። አባቶቻችን አገሩን በከፍታው ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብለው ሲከፍሉ ከደጋው በላይ ያለውን ቀዝቃዛ አገር «ውርጭ» ብለውታል። ከሰማይ የሚወርደውን ጠጣር «በረዶ»፣ ሌሊት በሣር ላይ የሚነጣውን ደግሞ «አመዳይ» እንለዋለን፤ ይህም ቃል በግእዝ «ሐመዳ» ከሚባለው ዘመድ ነው። ነገር ግን በዝቶ፣ ተጫጭኖ፣ ወደ ድንጋይነት ተለውጦ በራሱ ክብደት ቁልቁል የሚንፏቀቀውን የበረዶ ክምችት የሚጠራ የቆየ ቃል በአማርኛ አናገኝም። «የበረዶ ግግር» የሚለው አጠራር የትምህርት ቤት ቃል ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ አማርኛ ከመወለዱ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ግግሩ ከአገራችን ጠፍቷል። ስለዚህ ምስክሩን ከቃል ወይም ከመጽሐፍ ሳይኾን ከድንጋይ፣ ከደለልና ከአመድ መፈለግ ግድ ይኾናል።

እርግጥ ነው፣ ስለ ተራራ በረዶ የሚናገር አንድ ጥንታዊ ጽሑፍ አለ። ኮስማስ ኢንዲኮፕሌውስቴስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአዱሊስ ወደብ ከአንድ የድንጋይ ዙፋን ላይ የገለበጠው የአክሱም ንጉሥ ጽሕፈት ስለ ሰሜን (ስሜን) ሕዝብ ሲናገር፣ አገራቸው ብርድና አመዳይ የሞላበት፣ በረዶውም ሰውን እስከ ጉልበቱ የሚውጥ እንደ ኾነ ያመለክታል። አንዳንድ ሰዎች ይህን አንብበው በአክሱም ዘመን በስሜን የበረዶ ግግር ነበረ ብለው ያስቡ ይኾናል። ነገር ግን ወርዶ የሚቀልጥ በረዶ አንድ ነገር ነው፤ ከዓመት ዓመት ሳያልቅ ተጠራቅሞ ሸለቆ የሚያርስ ግግር ሌላ ነገር ነው። ጽሕፈቱ የሚመሰክረው ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው፤ ግግሩ ከስሜን ተራሮች የጠፋው ከዚያ ንጉሥ እጅግ አስቀድሞ ነው።

ግግሩ ራሱ በእርግጥ እንደ ነበረ ግን ምልክቶቹ ይናገራሉ። የስዊድኑ የሥነ ምድር ሊቅ ኤሪክ ኒልሶን እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው ጥናት የምሥራቅ አፍሪቃንና የኢትዮጵያን የጥንት አየር ለውጥ ሲመረምር የስሜንን ተራሮች የበረዶ ዘመን ቅሬታ ገልጿል። በባሌም በኋላ የተደረገው ምርመራ ከዚህ የሰፋ ውጤት አስገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት እንዳስረዳው፣ በቱሉ ዲምቱ ዙሪያ ቢያንስ 30 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የበረዶ ቆብ ነበረ፤ በሸለቆዎቹ የወረዱት ግግሮች ሲጨመሩም በበረዶ የተያዘው ምድር ከ180 ካሬ ኪሎ ሜትር አያንስም ነበር። ዛሬ በዚያ ቦታ አንዲት ጋት የቆየ በረዶ የለም። 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ትርጓሜው «ቀይ ተራራ» ነው፤ ስሙም የሚናገረው ስለ አፈሩ ቅላት እንጂ ስለ በረዶ ንጣት አይደለም።

ግግር ያለፈበትን ሸለቆ ለማወቅ ጥቂት ምልክቶች ይበቃሉ። ወንዝ ብቻውን የቈፈረው ሸለቆ ታቹ ጠባብ፣ ጐኑም ሰያፍ ነው። ግግር ያረሰው ግን እንደ ከብት ማጠጫ ገንዳ ታቹ ሰፊ፣ ግራና ቀኙም ቀጥ ያለ ይኾናል። የሸለቆው አናት እንደ ገበቴ ተቦርቡሮ ይገኛል፤ በዚያም ጐድጓዳ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሐይቅ ይቋጠራል። ግግሩ እየገፋ ያመጣውን ድንጋይና አፈር ሲቀልጥ በዳርና በጫፉ ስለሚጥለው፣ በውጭ ቋንቋ ሞሬን የሚባለው የክምር ጥምዝ ጕብታ ይቀራል። ከዚህም በላይ ከአካባቢው ዐለት ጋራ የማይመሳሰሉ ታላላቅ ድንጋዮች የሚሸከማቸው ሳይታይ በሜዳ ላይ ተቀምጠው ይገኛሉ።

የእነዚህን ድንጋዮች ዕድሜ ማወቅ የተቻለው በቅርብ ጊዜ ነው። ድንጋይ ከግግሩ ወጥቶ ለሰማይ ሲጋለጥ ከጠፈር የሚመጣው ጨረር በገጹ ላይ ክሎሪን 36 የሚባለውን ንጥረ ነገር ቀስ በቀስ ይፈጥራል፤ የተጠራቀመው መጠን ሲለካ ድንጋዩ ስንት ዘመን ፀሐይ እንደ መታው ይታወቃል። በዚህ ዘዴ በባሌ ሸለቆዎች የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ምርመራ የባሌ ግግሮች ከኹሉ ይበልጥ የተስፋፉት ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ እንደ ነበረ አሳይቷል። ይህ ውጤት የሚያስደንቅ ነው፤ በዓለም ላይ ታላላቆቹ የበረዶ ሜዳዎች ጫፍ የደረሱት ከ21,000 ዓመት በፊት ገደማ ሲኾን፣ የባሌው ከዚያ አስቀድሞ መሸሽ ጀምሮ ነበርና። በዚያ ዘመን የተራራው አየር ከዛሬው ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዝ እንደ ነበረም ተገምቷል። እንግዲህ የሙቀቱ ልዩነት በቍጥር ሲታይ ትንሽ ነው፤ የምድሩን መልክ ግን ከሥር እስከ ጫፍ ለመለወጥ በቅቷል።

ግግሩ ሲሄድ ሸለቆው ምን ይኾናል? ይህን ለመረዳት ነገሩ አኹን በዐይን ወደሚታይበት አገር መመልከት ይጠቅማል። በስዊስ አገር የሚገኘው የአሌች ግግር ከአልፕስ ግግሮች ኹሉ ረጅሙ ሲኾን፣ ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ከ3 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ወደ ኋላ ሸሽቷል። በረዶው ሲሳሳ እንደ ግንብ ደግፎት የነበረው የተራራ ጐን ድጋፉን ያጣል፤ በአሌች ዳር ሞስፍሉ የተባለው ገደል መንሸራተት የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር መጨረሻ 2025 ከተራራ የወረደ የድንጋይ ናዳ በቢርሽ ግግር ላይ ከተጫነ በኋላ ግግሩ ተደርምሶ የብላተንን መንደር አብዛኛውን ክፍል ቀብሮታል፤ 300 ያህሉ ነዋሪዎች አስቀድመው እንዲወጡ በመደረጉ ብዙ ነፍስ ተርፏል። ስለዚህ የግግር መሸሽ ማለት በረዶ ቀልጦ ውሃ ኾኖ ሄደ ማለት ብቻ አይደለም፤ በረዶው አስሮ ይዞት የነበረው ኹሉ ይፈታል ማለት ነው።

የካናዳ ሊቃውንት ቸርችና ራይደር እ.ኤ.አ. በ1972 ይህን ከግግር በኋላ የሚመጣ የመረበሽ ዘመን ለይተው ስም ሰጥተውታል። እነርሱ እንዳስተዋሉት፣ ግግሩ ያልተጠናከረ አፈርና ድንጋይ ትቶ ስለሚሄድ ወንዞች በመጀመሪያው ጊዜ ከተለመደው መጠን በላይ ደለል ይሸከማሉ፤ የተራራው ጐን ይናዳል፣ የሸለቆው ወለል ይሞላል፣ ወንዙም በጠጠር መካከል ብዙ ቅርንጫፍ እየኾነ ይቅበዘበዛል። ዘመን ሲያልፍ የሚፈርሰው ያልቃል፤ ሽበት የመሰለው የድንጋይ ልብስና ሽልሻሎው መሬቱን ይሸፍነዋል፤ ቀጥሎ ሣር ሥር ይሰዳል፣ አፈርም ይወለዳል። በሞሬን ተከልሎ የነበረው ሐይቅ በደለል እየሞላ ጨፌ ይኾናል፤ ጨፌውም ውሃ እየጠጣ በበጋ የሚያንጠባጥብ ማከማቻ ይኾናል። በአንድ ቃል፣ ሸለቆው በመጀመሪያ ይፈርሳል፣ ከዚያ ይረጋል፣ በመጨረሻም ይለመልማል።

ይህ ቅደም ተከተል በባሌ እንዴት እንደ ተፈጸመ ከኹሉ ይልቅ የሚመሰክረው በ3,950 ሜትር ከፍታ ላይ በግግር በተቦረቦረ ገበቴ ውስጥ የሚገኘው የገርባ ጉራቻ ሐይቅ ነው። ስሙ በኦሮምኛ «ጥቁር ባሕር» ማለት ነው። ከሐይቁ ወለል ወደ ታች 16 ሜትር ያህል ተቈፍሮ የወጣው ደለል እንደ ዜና መዋዕል በተራ የተጻፈ ነው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሊቅ መሐመድ ዑመርና የሥራ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 የዚህን ደለል የአበባ ብናኝ መርምረው ታሪኩን አውጥተዋል። ከታች ያለው ገጽ ከ16,700 ዓመት በፊት ገደማ ይጀምራል፤ ይኸውም ገበቴው ከበረዶ ነጻ የወጣበት ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ ወደ ሐይቁ ይገባ የነበረው አሸዋና ደቃቅ ድንጋይ ነው፤ በዙሪያውም የሚታየው አልፎ አልፎ የበቀለ ሣርና ድርቅ የሚችል ቅጠላ ቅጠል ብቻ ነበረ። ከ13,400 ዓመት በፊት ገደማ እርጥበት ሲጨምር አሸዋው ይቀንሳል። ከ11,200 ዓመት ወዲህ ደግሞ አስታ በተራራው ላይ በሰፊው ይዘረጋል። ከዚህም በኋላ፣ ከ6,000 ዓመት ወዲህ ባለው ጊዜ፣ አየሩ እየደረቀ ሲሄድ ከበታቹ የጥድና የዝግባ ደን እየበዛ፣ የአስታው ግዛት እየጠበበ ይመጣል።

ከበረዶው በታች ብቻ ሳይኾን ከበረዶው ውጭ የነበረው መሬትም ጠባሳውን እንደ ያዘ ነው። በሰነቴ አምባ ላይ ትላልቅ ድንጋዮች በእጅ የተደረደሩ ይመስል እስከ 15 ሜትር ስፋትና እስከ 2 ሜትር ጥልቀት ባለው ረድፍ ተሰልፈው ይታያሉ። የሚያያቸው ሰው የጥንት ሕዝብ ቅጥር ወይም መቃብር ናቸው ብሎ ሊያስብ ይችላል። ነገር ግን የሠራቸው ሰው አይደለም፤ በበረዶው ዘመን መሬቱ በውርጭ እየረጋና እየቀለጠ ብዙ ዘመን ሲነፋና ሲሟሽሽ ድንጋዩን ከአፈሩ እየለየ አሰልፎታል። የጥንት ቅሬታ የሚመረምር ተማሪ የሰውን ሥራ ከውርጭ ሥራ መለየትን ከእንዲህ ያለው ምሳሌ ሊማር ይገባዋል።

አኹን ወደ ሰው እንመለስ። ብዙ ጊዜ የሚታሰበው፣ ከፍተኛው ተራራ ለረጅም ዘመን ባዶ ኾኖ ቈይቶ፣ በረዶው ከሄደና መሬቱ ከለመለመ በኋላ ቆላውና ደጋው ሲጠብበው ሰው የወጣበት የመጨረሻ ስፍራ ነው ተብሎ ነው። በባሌ የተገኘው ማስረጃ ይህን አሳብ ገልብጦታል። ፍንጫ ሃበራ በተባለው፣ በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኘው የዐለት ዋሻ ውስጥ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ቍፋሮ እንዳረጋገጠው፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ዘመን ሰዎች እየተመላለሱ በዚያ ኖረዋል። ይህም ከላይ እንደ ተመለከትነው ግግሮቹ ከኹሉ ይበልጥ ከተስፋፉበት ጊዜ ጋራ የሚገጣጠም ነው። ሰዎቹ መሣሪያቸውን የሠሩት ከባልጩት ሲኾን፣ ባልጩቱን ያመጡት ከ4,200 ሜትር በላይ በግግሩ አጠገብ ካለ ስፍራ ነው። የሚጠጡት ውሃ ከሚቀልጠው በረዶ ይወርድላቸው ነበር። ምግባቸውም በእሳት የተጠበሰው ትልቁ የባሌ ፍልፈል እንደ ነበረ በዋሻው የተገኘው አጥንት ያስረዳል።

ይህ ነገር ለእኛ ጥናት ታላቅ ትርጉም አለው። እነዚያ አዳኞች ወደ ተራራው የወጡት በረዶው ስለ ሄደላቸው አይደለም። በረዶ ሳለ፣ ከበረዶው በታች ያለው ክፍት ምድር ፍልፈል፣ ውሃና ባልጩት በአንድነት ስለ ሰጣቸው ነው። እንግዲህ «ግግሩ ሄደ፣ ሰው መጣ» የሚለው ቀላል ተረክ በባሌ አይሠራም። የሚሠራው ሌላ ነው፤ ግግሩ ሳለ ሰው ከዳሩ ኖረ፣ ግግሩ ሲሄድ ምድሩ ከፈረሰ በኋላ ረግቶ ለመለመ፣ ሰውም በየዘመኑ ከተለወጠው ምድር ጋራ አኗኗሩን ለወጠ። በዚያው ዋሻ በላይኛው ደለል ውስጥ የሚገኘው የከብት እበት ምልክት አዳኙ አልፎ እረኛው እንደ ተተካ ያመለክታል።

እረኛውም የተረከበው ግግሩና ከግግሩ በኋላ የመጣው ዘመን ያዘጋጁትን ርስት ነው። የባሌ ኦሮሞ እረኞች «ጎዳንቱ» በሚባለው ሥርዐት ከብቶቻቸውን እንደ ወቅቱ ከዝቅተኛው አገር ወደ ከፍተኛው ግጦሽ ሲያወጡና ሲያወርዱ ኖረዋል። ማዕድን ያለበት የ«ሆራ» ውሃም ከብቱን የሚስብ ሌላው ምክንያት ነው። የሚሰማሩበት ለምለም ጨፌ፣ ከነፋስ የሚጠለሉበት ገደል፣ በበጋ የማይደርቀው ምንጭ፣ ኹሉም ከላይ የገለጽነው የመፍረስና የመርጋት ውጤት ነው። ከእነርሱ ጋራ የሚኖረው ትልቁ ፍልፈልም አፈሩን ሳያቋርጥ እየገለበጠ የራሱን መሬት ይሠራል፤ ቀይ ቀበሮም ኑሮው በዚህ ፍልፈልና በአይጦች ላይ ነው። በበረዶው ዘመን ክፍት የኾነው የተራራ ምድር ዛሬ ካለው በጣም ሰፊ ነበረ፤ አየሩ ሲሞቅ ደኑና አስታው ወደ ላይ ስለ ገፋው ቀይ ቀበሮ በየተራራው ጫፍ ተነጣጥሎ እንደ ደሴት ነዋሪ ኾኖ ቀርቷል። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ያህል ሲኾኑ ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ይገኛሉ።

በዚህ ስፍራ አንድ ብርቱ ክርክር ይነሣል፤ ክርክሩም የሊቃውንት ብቻ ሳይኾን የሰው እንጀራ የተያያዘበት ነው። ከአስታው በላይና በመካከሉ የሚታየው ክፍት ሜዳ የተፈጥሮ ነውን ወይስ ሰው በእሳት የሠራው? እረኞች ለግጦሽ አስታውን እንደሚያቃጥሉ የታወቀ ነው። እሳት ኹሉ ጥፋት ነው የሚል ወገን እረኛውን ከተራራው ማውጣት ብቸኛው መድኀኒት አድርጎ ያየዋል። የሐይቁ ደለል ግን ጕዳዩ ከዚህ የረቀቀ እንደ ኾነ ይናገራል። በገርባ ጉራቻ ደለል ውስጥ የተገኘው የከሰል ብናኝ ሲመረመር እሳት በባሌ አስታ ውስጥ ለ14,000 ዓመት ያህል ሲመላለስ እንደ ኖረ፣ አስታውም ከእያንዳንዱ ቃጠሎ በኋላ እንደ ገና ሲያንሠራራ እንደ ቈየ ታይቷል። ስለዚህ እሳት በተራራው ላይ ትናንት የመጣ እንግዳ አይደለም።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያውስ ማንም እንደ ወደደ ያቃጥል» ማለት የባሰ ስሕተት ነው። አስታው ማንሠራራት የቻለው በኹለት ቃጠሎ መካከል ጊዜ ስለ ነበረው ነው። አፈሩም ከግግሩ መሸሽ ወዲህ በዐሥር ሺሕ በሚቈጠር ዓመት ቀስ በቀስ የተሠራ ነው፤ ከዕድሜው ጋራ ሲተያይ ግን የሚታጠብበት ጊዜ እጅግ አጭር ነው። ድሮ ወቅት ጠብቆ ይወጣ የነበረው መንጋ በዚያው ከከረመ፣ ጨፌው ከታረሰ ወይም በሰኰና ከደደረ፣ ረግቶ የነበረው ምድር እንደ ገና ወደ መፍረስ ዘመኑ ይመለሳል። በዚህም የሚጐዳው የባሌ ሰው ብቻ አይደለም፤ ከእነዚህ ተራሮች የሚነሡት ዌብ፣ የገናሌና የዋቤ ሸበሌ ገባሮች እስከ ሶማሊያ ቆላ ድረስ ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ያጠጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ መግባቱ የዚህን ሀብት ክብር ያሳያል፤ ክብሩን የሚያጸናው ግን በስፍራው የሚኖረው ሰው ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ፍርድ ይህ ነው። የባሌ ከፍተኛ ምድር ሰው ያልረገጠው ገነት ኾኖ አያውቅም፤ ሰውን በጠቅላላ እንደ ወራሪ መቍጠር ከማስረጃው ጋራ አይስማማም። ነገር ግን ሰው በዚያ ለብዙ ሺህ ዓመታት የኖረው በጥቂት ቍጥር፣ በወቅትና በመመላለስ ነው፤ ይህንን ልክ አፍርሶ «አባቶቻችን በዚህ ኖረዋል» ማለትም ከማስረጃው ጋራ አይስማማም። ጎዳንቱን የመሰለ የአገር ሥርዐት ሊጠና የሚገባው ስለዚህ ነው፤ መቼ ይወጣል፣ ስንት ቀን ይቈያል፣ የትኛው ጨፌ ይከለላል፣ የትኛው አስታ በስንት ዓመት ይቃጠላል የሚለው ዕውቀት የሚገኘው በሽማግሌዎች ዘንድ ነው።

ስለዚህ በሥነ ሕዝብ ጥናት የተሠማሩት ተማሪዎች ይህን ሥራ ለሥነ ምድርና ለሥነ ዕፅ ሊቃውንት ብቻ እንዳይተዉት ይገባል። እነዚያ ድንጋዩንና ብናኙን ይቈጥራሉ። የእያንዳንዱን ሸለቆ፣ ጕብታ፣ ምንጭና ዋሻ ስም ከነትርጓሜው፣ የግጦሹን ወሰንና ተራውን ከእረኛው አፍ ሰምቶ መጻፍ ግን የእኛ ድርሻ ነው። የግግሩ ምስክር ድንጋይ ስለ ኾነ ገና ብዙ ዘመን ይጠብቀናል፤ የእረኛው ምስክር ግን ሰው ነውና አይጠብቅም።